ማርቸዲሷ አልጠፋም አለች

በስደት ዓለም የፖለቲካ ሰው ማርቸዲስ ሲነዳ ከታየ ወሬው በሁለት መንገድ ይሄዳል። ወይ «ከመንግሥት ተከፍሎታል» ይባላል፣ ወይ «ለትግሉ ያዋጣነውን ዶላር በላው» ይባላል። ሦስተኛ መንገድ የለም። መኪናዋ የ1985 ሥሪት መሆኗን (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ የኮፈኗ ቀለም በፀሐይ መንጣቱን፣ ጠዋት ስትነሣ ጭሷ የጎረቤት መስኮት የሚያዘጋ መሆኑን የሚያይ የለም። ሰው የሚያየው ከፊት የቆመችውን ባለሦስት ጨረር ኮከብ ብቻ ነው። በእኔም ላይ ይኸው ወሬ ተወራ። አንድ የድሮ ወዳጄ ከሲያትል ደውሎ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ማርቸዲስ ገዛህ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። «በስንት?» አለ። «በ2,400 ዶላር» አልኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ይኼማ የአንድ ወር የልጅ መዋያ ሒሳብ ነው» ብሎ ሳቀ። ወሬው ግን በእሱ ሳቅ አልቆመም፤ ዛሬም እየዞረ ነው።

በእርግጥ ኮከቧ እንዲህ የምታስቆጣን ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤቶቻችን የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ከነፃነት በኋላ ለመጡት ሹማምንት «ዋቤንዚ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ የቤንዝ ነገድ እንደማለት ነው። በእኛም አገር ሥልጣን የሚለካው በሚነዱት መኪና ነው። በመስከረም 1974 ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ሲያወጣ በቮልስዋገን ነበር የወሰዳቸው። የተመረጠችው መኪና ራሷ መልእክት ነበረች፤ ያየ ሁሉ ገብቶታል። እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነት አገር የመጣ ሰው ኮከብ ሲያይ ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

ዛሬ ታዲያ ስለ ምርጫ ቦርድም ሆነ ስለ ምክክር ኮሚሽን አልጽፍም። ስለዚችው መኪና ነው የምጽፈው። ያረጀ የቅንጦት መኪና መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባው የሚገዛ ወገን በዝቷልና። በተለይ ከአገር ቤት በቅርብ የመጡ ወጣቶቻችን በየማስታወቂያው 5,000 ዶላር የማይሞላ ማርቸዲስና ቢ.ኤም.ደብሊው ሲያዩ ልባቸው ይሸፍታል። ሁለት ሦስቱ ደውለው ጠይቀውኛል። መልሴን እዚህ አንዴ ብጽፈው ስልክ ይቀንስልኛል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንያዝ። የእኔዋ ናፍጣ ናት። በ1985 አዲስ ስትሸጥ ዋጋዋ ውድ ነበር። እኔ በ2,400 ገዛኋት። መኪናዋ ረከሰች እንጂ መለዋወጫዋ አልረከሰም። የፊት እግሯን መገጣጠሚያ፣ የናፍጣ ፓምፗን፣ የበሯን ቁልፍ የሚሠራው ፋብሪካ ዋጋውን የሚተምነው በውድ መኪና ልክ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የኩባንያው ነጋዴዎች ጋራዥ ለአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላል። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ከገጠማችሁ የመኪናዋን ዋጋ ከፍላችሁ መኪናዋን ያው ባለችበት ታገኟታላችሁ ማለት ነው።

ለዚህ ነው እነዚህ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። የመጀመሪያው ባለቤት ሐኪም ወይም ጠበቃ ነው፤ በመጽሐፉ መሠረት ያስጠግናል። ሁለተኛው ግማሹን ያስጠግናል። ሦስተኛው ኮከቧን ይወዳል፣ ዘይቷን ግን ይረሳል። አራተኛው የሚሰማው ድምፅ ሲበዛበት ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። እኔ አምስተኛው ነኝ። በ2,400 ዶላር የገዛሁት መኪና ብቻ ሳይሆን ሁለቱ የመጨረሻ ባለቤቶች «የሚቀጥለው ወር» እያሉ ያስተላለፉትን ጥገና ሁሉ ነው። ይህን አውቄ ስለገዛሁ አልከፋኝም። ሳያውቅ የሚገዛ ግን በስድስተኛው ወር መኪናውን መንገድ ዳር ጥሎ ይሄዳል። ከዚያም «ጀርመን ድሮ ቀረ» ይላል።

ስለ ሞተሯ ከተነሣ ምስጋና ይገባታል። ባለ አምስት ሲሊንደር፣ ሦስት ሊትር፣ ባለ ተርቦ ናፍጣ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት የማርቸዲስ መኪኖች አብዛኞቹ ናፍጣ ነበሩ፤ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ ሀብታሙም ቢሆን ጋሎን መቁጠር ጀምሮ ነበርና። በዚያ ዘመን የተሠሩት ሞተሮች በጥንካሬያቸው እስከ ዛሬ ይወራላቸዋል። በ2004 አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ በ1976 ሥሪት 240 ዲ ማርቸዲሱ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ መኪናውን ለፋብሪካው ሙዚየም አስረክቧል። ይህን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ አንዱን ነገር ይዘላል፤ ሰውዬው ሞተሩን ደጋግሞ እያወረደ፣ እያደሰና እየቀያየረ ነው እዚያ የደረሰው። መኪናው በተአምር አልኖረም። የሚጠግነው ሰው ስለነበረ ኖረ።

የእኔዋ ስንት እንደሄደች አላውቅም። ቆጣሪዋ 212,000 ማይል ላይ ቆሟል። በዚህ ሞዴል የተለመደ በሽታ ነው፤ ከውስጥ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ ትሰበራለች፣ የፍጥነቱ መርፌ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መኪናዋ በፍጥነት እየገሰገሰች ምንም መንገድ አልሄደችም። (በኢሕአዴግ ዘመን ስለ «ባለ ሁለት አሃዝ ዕድገት» ስንሰማ የኖርን ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም።) ማስታወቂያ ላይ «212,000 ማይል ብቻ» የሚል ካያችሁ፣ መጀመሪያ ነድታችሁ ቁጥሩ መንቀሳቀሱን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ስብሰባ ነበረ። መኪናዋን አቆምኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ አወጣሁ፣ ኪሴ ከተትኩ። ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ቁልፉን መልሼ አስገብቼ ደግሜ አዞርኩ። መብራቱ ጠፋ፣ ሬዲዮው ጠፋ፣ ሞተሩ ግን ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። በሩ ላይ የነበሩ አንዲት እናት በስመ አብ አሉ። አንዱ ደግሞ ባትሪውን ንቀለው አለኝ። ቢነቀልም አይጠፋም፤ ለምን እንደሆነ እነሆ።

የቤንዚን ሞተር የሚነደው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ይሞታል። ናፍጣ ብልጭታ አይፈልግም። በታመቀ አየር ሙቀት ይነዳል፤ ናፍጣ እስከደረሰው ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ለማጥፋት ናፍጣውን መዝጋት ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜዎቹ የማርቸዲስ መሐንዲሶች ይህን በኤሌክትሪክ አላደረጉትም፤ በቫክዩም አደረጉት። ሞተሩ የሚያዞረው አንድ ፓምፕ አየር እየመጠጠ በቀጫጭን ቱቦዎች መኪናዋ ውስጥ ያዳርሳል። ቁልፉ ሲዞር ያ የተመጠጠ አየር የናፍጣውን ፓምፕ ክንድ ይስብና ሞተሩ ይጠፋል። ብልሃቱ ይኼ ነው። ጉዱ ደግሞ እዚያው ነው፤ የአራቱም በሮች ቁልፍ፣ የሻንጣው ክዳን፣ የነዳጁ በር፣ የማሞቂያው መዝጊያዎች፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ከበሮ ሳይቀር የሚሠሩት በዚያው አንድ ፓምፕ ነው። ከኋላ በር ውስጥ አንዲት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ብትቀደድ አየሩ በዚያ ይሾልካል፣ የሚቀረው ኃይል ሞተሩን ለማጥፋት አይበቃም። ሰው ሞተሩን ሲመረምር ይውላል፤ በሽታው ግን ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው።

ያን ቀን ያዳነኝ ለስብሰባው የመጡ አንድ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሁላችንም «ባሻ» ነው የምንላቸው። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ከሞተሩ አናት ላይ «ስቶፕ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ማንሻ በአንድ ጣት ተጫኑ፣ ሞተሩ አንዴ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ።

«ባሻ፣ ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆነችም። አንተ ልጅ፣ የኋላ በርህ ሲቆለፍ አራቱም እኩል ይቆለፋሉ?»

አሰብኩ። የቀኙ የኋላ በር ከሦስቱ ዘግይቶ ነበር የሚቆለፈው።

«እሱ ነው» አሉ። «ቅዳሜ አምጣት።»

ቅዳሜ ወሰድኳት። በእጅ የምትጨመቅ ትንሽ የቫክዩም መለኪያ አላቸው፤ 40 ዶላር አካባቢ ነው ዋጋዋ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየነጠሉ ይለካሉ። ፈረንጆቹ ለእያንዳንዱ መሥመር ቀለም ሰጥተውታል፤ ቡናማው የሞተር ማጥፊያው ነው፣ ቢጫው የበሮቹ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የተቀደደችው ጎማ ከ20 ዶላር በታች ወጣባት። የኩባንያውን ነጋዴ ጋራዥ ብሄድ ኖሮ የናፍጣ ፓምፑ ይቀየር እንደሚሉኝ አልጠራጠርም። እነሱ የሚቀይሩ እንጂ የሚፈልጉ አይደሉማ!

ስለ 2018 ሳስብ ይቺ የኋላ በር ትመጣብኛለች። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስንቶቻችን አልቅሰን ነበር! እስረኛ ተፈታ፣ ድርጅቶች ከሽብርተኝነት መዝገብ ተፋቁ፣ ብዙ ወዳጆቼ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። የ2009ኙ የፀረ ሽብር አዋጅም በ2020 በሌላ አዋጅ ተተካ። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ የቀበሌው ካድሬ፣ ቀጠሮ የሚያራዝመው ዳኛ፣ ሁሉም በየቦታው እንደተገጠመ ነበር፤ አዲሱ ሾፌር ይህን ማሽን ሲነዳው በደንብ እንደሚሄድለት ለማወቅ ብዙ አልቆየም። እኛ ደግሞ ዓይናችን መሪው ላይ ነበር። የኋላ በሩን ማን ያያል?

የባሻን ነገር ሳልጨርስ ብሄድ ቅር ይለኛል። ሰውዬው ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበሩ። በ1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር አሜሪካ የመሣሪያና የመለዋወጫ አቅርቦቷን አቁማለች፤ ሰማዩን የሚጠብቁት ተዋጊ አውሮፕላኖቻችን ደግሞ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5ቶች ነበሩ። ባሻ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። «ከአንዱ ነቅለን ለአንዱ እንገጥም ነበር፤ የተነቀለበትንም በመዝገብ እንጽፋለን፣ ብሎን ሳትቀር» ይሉኛል። እነዚያ ኤፍ-5ቶች የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ሲያወርዱ አብራሪዎቹን ታሪክ ያስታውሳቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ብሎን የመዘገበውን ማን ያስታውሳል?

በ1991 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ያን ሁሉ ሠራዊት አንድ ላይ በተነው። «የደርግ ወታደር» ተብሎ አብራሪው፣ ሐኪሙ፣ የሬዲዮ ጠጋኙ፣ ሹፌሩ ሁሉ በአንድ ቃል ተጠረገ። አንዱ ታሰረ፣ አንዱ ለማኝ ሆነ፣ አንዱ ኬንያ ገባ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ አባቶች። ሰባት ዓመት አልቆየም፤ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያው መንግሥት የበተናቸውንና ያሰራቸውን የአየር ኃይል ሰዎች እየፈለገ ጠራ። አውሮፕላን በመፈክር አይነሣማ። ባሻ ግን ያኔ ቨርጂኒያ ነበሩ፤ እጃቸው የሰው ካምቢዮ ውስጥ ነበር።

ሳይገርመኝ የማይቀረው አንድ ነገር አለ። ባሻ አርባ ዓመት በተጠጋ የአሜሪካ ኑሯቸው ከአፋቸው ያልጠፋው የጣሊያን ቃል ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲባረር ጋራዡን ትቶልን ሄደ። ወራሪውን አባረርን፣ ፒንሳውን አስቀረን። ይህን ያደረጉት የጋራዥ ሰዎች ናቸው እንጂ ሚኒስትሮች አይደሉም፤ ሚኒስትሮች ቢሆኑ ኖሮ «የፋሺስት ፒንሳ» ብለው ያቃጥሉት ነበር።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይኼ ነው። የዚች ሞተር ቫልቮች በየ15,000 ማይሉ መለካት አለባቸው፤ እንደ ምላጭ በሳሳ ብረት፣ የማስገቢያው 0.10 ሚሊ ሜትር፣ የማስወጫው 0.35። ካልተለካ ክፍተቱ ይጠባል፣ ጠዋት ለመነሣት ታስቸግራለች፣ ከዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል፣ ከዚያ ባትሪው። ባለቤቱ ሞተሪኖ ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ 700 ዶላር ያወጣል፤ የሚያስፈልገው የነበረው ግን የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው። ዘይት በየ5,000 ማይሉ። የናፍጣ ማጣሪያ ሁለት አለ፤ ብዙ ሰው ትንሿን ግልጿን አያውቃትም። የማሞቂያውን ውኃ የሚቆጣጠር አንድ ቫልቭ ውስጥ ስስ የጎማ ቆዳ አለች፤ እሷ ስትቀደድ በሐምሌ ወር፣ በቨርጂኒያ ሙቀት፣ መኪናዋ እሳት ትነፋባችኋለች። በቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ አለ፤ የመሪው መገጣጠሚያ ከላላ ተለጣፊውን አያገኝም። ሃያ አምስት ዓመት ያለፋት መኪና የ«ጥንታዊ» ታርጋ ማውጣት ትችላለች የሚላችሁ አለ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን በዚያ ታርጋ በየቀኑ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያምር ነገር የለም። ማንም ዘይት ሲቀይር ፎቶ አይነሣም። የእኛም ድርጅቶች በሽታ ይኼው ይመስለኛል። ቅንጅት በአራት ድርጅቶች ተገጣጥሞ በ2005 ምርጫ ሕዝብን እንደ ባሕር አንቀሳቀሰ። መሪዎቹ በ2007 ከእስር ወጡ፤ ወራት ሳይቆይ ተሰነጠቀ። እዚህ በየከተማው ያሉ የድጋፍ ማኅበራትም ተከትለው ተሰነጠቁ። ስለ ርዕዮተ ዓለም ልዩነት ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በዚያ ዘመን የተቀመጥኩባቸውን ስብሰባዎች ሳስታውስ ትዝ የሚለኝ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስንፈልግ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ማየቱ ነው። ሊቀ መንበር ለመሆን ስምንት ሰው፣ ሒሳብ ለመመርመር ዜሮ። ከዚያም አንዱ ተነሥቶ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ሲል መልስ አልነበረም፤ ስለተሰረቀ ሳይሆን ስላልተጻፈ። ከ20 ዶላር በታች የምትገዛ ጎሚኒ ናት ያቺ።

አገር ቤት ያለው ወገን ከእኛ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች አርባ ዓመት ሲሠሩ ያየ ሰው ጥገናን ለኢትዮጵያዊ ማስተማር አያምረውም። ከጣሳ ቁራጭ ማሸጊያ የሚያበጅ፣ ያለቀ ፍሬን ሸራ መልሶ የሚያለብስ ሕዝብ ነው። ከላይ ያለው ግን ሁልጊዜ አዲስ ይወዳል። በ2024 መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ፤ ኤሌክትሪክ ብቻ አለ። የነዳጅ ወጪው ከባድ መሆኑን አልክድም፣ የኤሌክትሪክ መኪናም አልጠላም። ግን በመንገዱ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ በአዋጅ አልጠፋም፤ የሚተካው ስለሌለ ከበፊቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ መጠገን ግድ ይሆንበታል። ለዚያ ግን መለዋወጫ እንጂ መግለጫ አይጠቅምም። በዚያው ዓመት ፒያሳን በኮሪደር ልማት ስም ሲያፈርሱ የጣሪያ ቆርቆሮ ቢቀየርላቸው፣ ግድግዳቸው ቢለሰን ሌላ መቶ ዓመት የሚኖሩ ቤቶች በግሬደር ሄዱ። የሚፈርሰው ቀድሞ ጥገና የተነፈገው ነው። ሠላሳ አርባ ዓመት ሳትነካው ትቆይና «አርጅቷል» ትላለህ!

ባሻ ሰባዎቹ ውስጥ ገብተዋል። የጋራዡ ኪራይ ውል በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል፤ አያድሱትም። ልጆቻቸው በኮምፒውተር ሙያ ናቸው፣ እሳቸውም በዚያ ይኮራሉ። ያንን ሁሉ ዕውቀት ግን ማን ይይዘዋል? ይህን ጥያቄ ሳነሣባቸው ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚማር ካለ ይምጣ አሉ። አሁን አራት ሰዎች ይመጣሉ። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ሳትተኛ ነው የምትመጣው፣ ከሁሉም ቀድማ የተማረችውም እሷ ናት። አንዱ በሪያድ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ የቆየ ልጅ ነው። እኔ ባሻ የሚሉትን በደብተር እጽፋለሁ፤ የጣሊያንኛውን ቃል፣ የአማርኛውን ፍቺና ቁጥሩን ጎን ለጎን አድርጌ። ሰባ ገጽ ደርሷል። እሳቸው አንብበው ያርሙታል፤ ባለፈው «0.35ን 0.53 ብለህ ጽፈህ ሞተር ልታስፈነዳ ነው?» ብለው አንዱን ተማሪ ሲቆጡት የአየር ኃይሉ ሃንጋር ምን ይመስል እንደነበር ገባኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት ቫልቭ ነው። ሞተሩ በደንብ መቀዝቀዝ ስላለበት መኪናዬ ዓርብ ማታ እዚያው ታድራለች። መምጣት የሚፈልግ የራሱን ካቻቢቴ ይያዝ፤ የባሻን ዕቃ ተውሶ ያልመለሰ ሰው አለና አሁን አያበድሩም።